ምዕራፍ ሰባት፦ የዛሬዋ ፈጣን መኪና ለልጅ ልጅ ትተርፋለች?

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር የሚወርድ መኪና አዘዞን አልፎ ብዙም ሳይርቅ ማክሰኝት ይገባል። ከዚያ እንፍራንዝን፣ አዲስ ዘመንን፣ ወረታን እያለ ጣናን በስተቀኙ አድርጎ ይቀጥላል። በዚህ መንገድ ዳር ግማሽ ቀን የተቀመጠ ሰው ሽምብራ የጫነ አይሱዙ፣ ሰው የሞላ አባዱላ፣ አቧራ የለበሰ ሲኖትራክ፣ የመሥሪያ ቤት ሃይሉክስ፣ እንደ ጉንዳን የሚርመሰመስ ባጃጅ፣ አልፎ አልፎም መስኮቷን የዘጋች ጥቁር ቪ8 ሲያልፉ ያያል።

ከእነዚህ ውስጥ ከ40 ዓመት በኋላ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ሊያያት የሚመጣው የትኛዋን ነው? አብዛኛው ሰው ቢጠየቅ ቪ8ን ይጠቁማል። ወጣት ከሆነ ደግሞ በስልኩ ላይ የሚያያትን ላምቦርጊኒ ወይም ቡጋቲ ይጠራል። ዛሬ ጉልበተኛ፣ ፈጣንና ውድ የሆነች መኪና ነገም ውድ ትሆናለች ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው። በዓለም ዙሪያ ብዙ ገንዘብ ያላቸው ሰዎችም በዚሁ እምነት ዘመናዊ ፈጣን መኪና እየገዙ፣ ሳይነዱ፣ ጎማዋ መሬት እንዳይለምድ አድርገው ያስቀምጣሉ።

የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ ከዚህ ይለያል። መኪና ለቅርስነት የምትበቃው ሦስት ነገሮች ሲገጥሙላት ነው፦ ቁጥሯ ጥቂት ሲሆን፣ የሚተረክላት ታሪክ ሲኖራትና የሚጠግናት እጅ ሲገኝ። የመጀመሪያውን ፋብሪካው ይወስነዋል፤ ሁለተኛውን ዘመን ይሰጣል። ሦስተኛው ግን በእኛ በሰዎች እጅ ነው፤ የዛሬዎቹ ፈጣን መኪኖች አብዛኞቹ የሚወድቁትም እዚያ ላይ ነው።

ዋጋዋ የጨመረ ሁሉ ቅርስ አይደለችም

መጀመሪያ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር እንፍታ። በአውሮፓና በአሜሪካ አዲስ መኪና ከሻጩ ግቢ በወጣች ማግስት ዋጋዋ መውረድ ይጀምራል፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብዙዎቹ የተገዙበትን ግማሽ ያህል ያጣሉ። እኛ ዘንድ ሰው ቪትዝ ገዝቶ፣ አምስት ዓመት ነድቶ፣ ጎማና የፍሬን ሸራ ጨርሶ ከገዛበት በላይ ይሸጣታል። ዕድሜዋ ከብዙ ነጂዎቿ የሚበልጥ ዲኤክስ ኮሮላ ዛሬም ደላላ የሚሻማባት ዕቃ ናት። ይህን ያየ ሰው «መኪና ይዞ የቆየ አይከስርም» ቢል አይፈረድበትም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ዋጋውን ወደ ላይ የገፋውን ኃይል እንመርምር። አንደኛው ግብር ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ዕድሜያቸው በገፋ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ስለጣለ፣ ቀድመው አገር ውስጥ የገቡት አሮጌ መኪኖች በአንድ ጊዜ ተፈላጊ ሆኑ። ሁለተኛው የውጭ ምንዛሪ እጥረት ነው፤ ዶላር ያላገኘ አስመጪ መኪና አያስመጣም። ሦስተኛው ብር ራሱ ነው።

ለምሳሌ አንድ ሰው በ2008 ዓ.ም. አንዲት ቪትዝ በ400 ሺህ ብር ገዛ እንበል። ያን ጊዜ 1 ዶላር 21 ብር ገደማ ስለነበር መኪናዋ 19 ሺህ ዶላር አካባቢ አወጣች ማለት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ 1 ዶላር በወራት ውስጥ ወደ 125 ብር ደረሰ። ባለቤቷ ያን ጊዜ በ2 ሚሊዮን ብር ቢሸጣት በብር የገዛበትን አምስት እጥፍ አግኝቷል፤ በዶላር ሲሰላ ግን 16 ሺህ ነው። መኪናዋ አርጅታለች፣ ዋጋዋም ቀንሷል፤ ገንዘቡ ከእሷ በበለጠ ፍጥነት ስለወረደ ግን የወጣች መስላለች።

እውነተኛውን ከሚመስለው ለመለየት አንድ ፈተና ይበቃል። ነገ ጠዋት ቀረጥ ቀርቶ ዶላር እንደልብ ተገኝቶ አዲስ መኪና በርካሽ ቢገባ፣ የያዝኳት መኪና ዋጋ ይወርዳል ወይ? ቪትዟ ትወርዳለች፤ ቪ8ም ትወርዳለች። ሰው የፈለጋቸው ለመጓጓዣነታቸው ነውና ሌላ መጓጓዣ ሲገኝ ይተዋቸዋል። ስለ ራሷ የምትፈለግ መኪና ግን አዲስ መጣ አልመጣ ዋጋዋ አይነቃነቅም። ከዚህ በኋላ የምናወራው ስለ እንዲህ ዓይነቷ ነው።

ጥቂት መሆን እና ጥቂት መምሰል

ፌራሪ 250 ጂቲኦ የምትባለው የእሽቅድምድም መኪና እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1964 ድረስ የተሠራችው 36 ብቻ ነበር። አዲስ ሳለች ዋጋዋ 18 ሺህ ዶላር አካባቢ ነበር። የውድድር ዘመኗ ሲያልፍ እንደማንኛውም አሮጌ የውድድር መኪና ተቆጥራ ከ10 ሺህ ዶላር በታች የተሸጠችበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 ከእነዚሁ አንዷ በጨረታ 48.4 ሚሊዮን ዶላር አወጣች። ከአራት ዓመት በኋላ መርሴዲስ ቤንዝ በ1955 (እ.ኤ.አ.) ከሠራቸው ሁለት 300 ኤስኤልአር ኡለንሃውት ኩፔዎች አንዷን ሸጠ፤ ዋጋው 135 ሚሊዮን ዩሮ ነበር። እስከዚያ ቀን ይህን ያህል ያወጣች መኪና አልነበረችም።

ሁለቱን የሚያመሳስላቸው አንድ ቁም ነገር አለ። ሲሠሩ ለመሰብሰቢያ ተብለው አልተሠሩም፤ የተሠሩት ለመሮጥ ነው። ቁጥራቸው ያነሰው ፋብሪካው ሆን ብሎ ስላሳነሰ ሳይሆን የሚያስፈልገው ያን ያህል ብቻ ስለነበር ነው። የተረፉትም ዋጋ ባልነበራቸው ዘመን ሰዎች ጠብቀው ስላቆዩአቸው ነው።

ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። አምራቾች «የተወሰነ ቁጥር» የሚለው ቃል ራሱ እንደሚሸጥ ተረድተዋል። ፖርሽ 918 ስፓይደርን 918 ብቻ፣ ማክላረን ፒ1ን 375፣ ቡጋቲ ቬይሮንን 450 ብለው ሠሩ። ብርቅነት በወረቀት ላይ ሲታወጅ ሰብሳቢዎችም ከፋብሪካ በር ላይ ተቀብለው መጋዘን ያስገባሉ። ሁሉም ሰው የጠበቃት መኪና ደግሞ ብርቅ ልትሆን አትችልም፤ 500 ተሠርተው 500 እንዳሉ ከቆዩ፣ ከ30 ዓመት በኋላም 500 ሻጮች ገበያ ላይ ይጠብቃሉ።

የታወጀ ብርቅነት ምን ያህል ተሰባሪ እንደሆነ ፖርሽ 911 አር አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ2016 ስትወጣ 991 ብቻ ነበረች፤ በእጅ የሚቀየር ማርሽ ስለነበራትና እንዲህ ያለች ፖርሽ ዳግም አትመጣም ስለተባለ ገና ከመውጣቷ ከፋብሪካ ዋጋዋ በእጥፍና ከዚያም በላይ ትሸጥ ጀመር። በዓመቱ ፖርሽ ራሱ ያንኑ ዓይነት ሞተርና የእጅ ማርሽ ያላትን ጂቲ3 ቱሪንግን በመደበኛ ዋጋ ገበያ ላይ አወጣ። የ911 አር ዋጋም ወዲያው ወደ ታች ወረደ። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻም የፌራሪ ዋጋ እንዲሁ ሰማይ ነክቶ ነበር፤ ከ1990 በኋላ ገበያው ሲወድቅ በብድር የገዙ ሰዎች በኪሳራ ወጡ። በሁለቱም ጊዜ ገዢው የወደዳት መኪናዋን ሳይሆን ወደፊት የሚገዛውን ሌላ ሰው ነበር።

ታሪክ የሚሰጠው ክብር

ቁጥር ብቻውን እንደማይበቃ ከራሳችን ታሪክ የተሻለ ማስረጃ የለም። መኪና ወደ ኢትዮጵያ የገባችው በአጼ ምኒልክ የመጨረሻ ዓመታት ነው፤ በ1900 ዓ.ም. ገደማ እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሊ ሲድሊ የምትባል መኪና በረሃና ተራራ አቋርጦ አዲስ አበባ አደረሰ። ከዚያ ወዲህ በቤተ መንግሥት በኩል ያለፉት መኪኖች ብዙዎች ናቸው። የአጼ ኃይለ ሥላሴ የክብር መኪኖች ዛሬም በብሔራዊ ቤተ መንግሥት ሙዚየም ለጎብኚ ይታያሉ።

ይሁንና በኢትዮጵያ ታሪክ እጅግ የተነገረላት መኪና ከእነዚያ የክብር መኪኖች መካከል አይደለችም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን መውረዳቸው ተነግሯቸው ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ሲወጡ ያሳፈረቻቸው አንዲት ተራ ቮልስዋገን ናት። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተሠራች፣ ከ50 ዓመት በፊት አስተማሪና የቢሮ ሠራተኛ ይነዳት የነበረች ቮልስ! ያን ቀን ያዩ ሰዎችም ሆኑ ፎቶውን ያየ የኋላ ትውልድ ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሧት እሷን ነው። በቁጥር ከተመዘነ ምንም አይደለችም፤ በታሪክ ከተመዘነ ግን በቤተ መንግሥቱ ካሉት መኪኖች ሁሉ ትበልጣለች።

ታሪክ ደግሞ የትውልድ ነው። በዓለም ገበያ ውድ ዋጋ የሚከፍለው ሰው ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 ዓመት የሆነው፣ በልጅነቱ ግድግዳው ላይ ፎቶዋን የለጠፋትን መኪና አሁን ገንዘብ ሲያገኝ የሚገዛ ሰው ነው። ለዚህ ነው እንደ ቶዮታ ሱፕራ ያለች መኪና በሰብሳቢዎች ዓይን የገባችው። በ«ፋስት ኤንድ ፊውሪየስ» ፊልም ላይ የታየችው የ1994 (እ.ኤ.አ.) ብርቱካንማ ሱፕራ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 ላስ ቬጋስ ውስጥ በጨረታ 550 ሺህ ዶላር ተሸጠች። ፊልሙን ባሕር ዳር በቪዲዮ ቤት ያየ ልጅም፣ ሎስ አንጀለስ በሲኒማ ያየ ልጅም ያችኑ መኪና ያውቃታል።

በጣና ዙሪያ ላደገ ሰው የልጅነት መኪና የትኛዋ ነበረች ብለን ብንጠይቅ መልሱ ከስፖርት መኪና ይርቃል። በመጋቢት 1928 ዓ.ም. በአኪሌ ስታራቼ የሚመራው የጣሊያን የሞተር ጦር ጎንደርን ሲይዝ የአካባቢው ሰው ብዙ የጭነት መኪና በአንድ ላይ ያየው ያን ጊዜ ነው፤ መኪና ከወረራ ጋር ታይታ ከወረራ ጋር ትታወሳለች። ከዚያ በኋላ የመጣው ትውልድ ኤንትሬን አወቀ፤ ሊማሊሞን እየቃተተች ስትወጣ ድምፅዋ ከሩቅ የሚሰማውን ፊያት 682 ኤን3። ከደርግ ዘመን ሰማያዊና ነጭ ላዳ ይታወሳል። ዛሬ ማክሰኝት ላይ የሚያድግ ልጅ ደግሞ ባጃጅንና አባዱላን ይዞ ያድጋል። ከ40 ዓመት በኋላ ይህ ልጅ ሀብታም ቢሆንና ያለፈውን ዘመኑን የምታስታውሰውን መኪና መግዛት ቢያምረው፣ በስልክ ብቻ ያያትን ቡጋቲ ትቶ በአበባና በጥቅስ ያሸበረቀች ባጃጅ ሊፈልግ ይችላል። እኔ በበኩሌ ይህ እንደሚሆን አልጠራጠርም።

አሥር ራዲያተርና ባዶ ራዲያተር

አሁን ወደ ሦስተኛው ጉዳይ እንምጣ። ቮልስ ለምን እስከ ዛሬ በመንገዳችን ላይ ቆየች? ምስጢሯ አሠራሯ ነው። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ ራዲያተር የሚባል ነገር የላትም። ውሃ አይፈላም፣ ቱቦ አይቀደድም። ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ቡሎን ብቻ ነው። የሚያውቅ መካኒክ የቤንዚን ጎማውን፣ የነዳጅ መስጫውን ገመድና ጥቂት ሽቦዎችን ካላቀቀ በኋላ አራቱን ቡሎን ፈትቶ፣ ከ100 ኪሎ ትንሽ የሚበልጠውን ሞተር ወደ ኋላ ስቦ ከአንድ ረዳቱ ጋር መሬት ላይ ያወርደዋል። ፋሻ መቀየር፣ ቴስታታ ማስተካከል፣ ካንዴላና ካርቡራተር ማጽዳት ሁሉም በእጅ፣ በዓይንና በጆሮ የሚሠራ ሥራ ነው። መለዋወጫ ከጠፋ ተርነሪ ይሠራዋል። እንዲህ ያለችውን መኪና የሚመስሏት በአርሶ አደር ቤት ያሉት ሞፈርና ቀንበር ብቻ ናቸው፤ ሲሰበሩ በዚያው ቀበሌ በተገኘ እጅ ይጠገናሉ።

ከእሷ ጎን ቡጋቲ ቬይሮንን እናቁማት። 16 ሲሊንደር፣ 4 ተርቦ፣ 1001 የፈረስ ጉልበት አላት፤ ያን ሁሉ ሙቀት ለማስወገድ 10 ራዲያተሮች ተገጥመውላታል። እንደ ምህንድስና ድንቅ ናት፤ ሠሪዎቿ ሊመሰገኑ ይገባል። ነገር ግን ሲያዩት ያምራል፣ ሲይዙት ያደናግራል እንደሚባለው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የምትነካው ከፋብሪካው በሠለጠነ ባለሙያ፣ በፋብሪካው መሣሪያና በፋብሪካው መለዋወጫ ነው።

የኮምፒውተሩ ጉዳይ ደግሞ ከራዲያተሩ የባሰ ነው። በዛሬዋ መኪና ውስጥ ሞተሩን፣ ማርሹን፣ ፍሬኑን፣ መሪውን፣ በሩን ሳይቀር የሚያዙ በደርዘን የሚቆጠሩ ትንንሽ ኮምፒውተሮች አሉ፤ በውዶቹ ውስጥ ከመቶ ሊያልፉ ይችላሉ። እርስ በርሳቸው ይተዋወቃሉ፤ አንዱ ሲሞት ከሌላ መኪና ነቅሎ መግጠም ብቻውን አይበቃም፣ ፋብሪካው በሚስጥር ኮዱ ካላስተዋወቀው በስተቀር መኪናዋ ላትነሣ ትችላለች። የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በአቧራና በሙቀት ብቻ ሳይሆን በዕድሜም ይሞታል፤ ቆማ የምትውል መኪና እንኳ ውስጧ ያረጃል። ብረት የዛገ እንደሆነ ላሜራ ቀጥቅጦ ይተካል፤ የጠፋን የኮምፒውተር ትእዛዝ ግን መዶሻ አይመልሰውም።

ማክላረን ኤፍ1 ለዚህ ምስክር ናት። እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1998 ድረስ 106 ብቻ ተሠራች። እ.ኤ.አ. በ2021 ከእነሱ አንዷ ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠች፤ በዘመናዊ ፈጣን መኪኖች መካከል ወደ ቅርስነት የተሻገረች ብትኖር እሷ ናት። ይህችን መኪና ለመጠገን የሚያስፈልገው ግን በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራ፣ ኮምፓክ የሚባል አሮጌ ላፕቶፕ ነበር፤ ከመኪናዋ ኮምፒውተር ጋር መነጋገር የሚችለው በእሱ ውስጥ የሚገጠመው ልዩ ካርድ ብቻ ስለነበረ ነው። ፋብሪካው ለዓመታት ከየገበያው እነዚያን አሮጌ ላፕቶፖች እየፈለገ ሲገዛ ቆይቶ ነው አዲስ መገናኛ ለመሥራት የተነሣው። 20 ሚሊዮን ዶላር የምታወጣ መኪና ሕይወቷ በአንድ ያረጀ ላፕቶፕ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። እሷን ያተረፋት ዋጋዋ በመናሩ ፋብሪካው ችላ ሊላት ስላልቻለ ነው። በሺዎች ለተሠሩት ሌሎች ፈጣን መኪኖች ማን ያን ያህል ይደክማል?

በዲቃላ የተሠሩት፣ ቤንዚንና ኤሌክትሪክን ያጣመሩት ደግሞ ተጨማሪ ሸክም አለባቸው። 918፣ ፒ1 እና ላፌራሪ ባትሪያቸው ተነዱም አልተነዱም በዓመታት ይደክማል፤ በልካቸው የተሠራ ምትክም እንደልብ አይገኝም። ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሠሩትን በተመለከተ ሀብታሞቹ ሰብሳቢዎች ራሳቸው ከወዲሁ እያመነቱ ነው፤ የክሮኤሽያው አምራች ማቴ ሪማክ እ.ኤ.አ. በ2024 የዚህ ዓይነት መኪና ገዢዎች የኤሌክትሪኩን እንዳልፈለጉት በግልጽ ተናግሯል። ምክንያቱ ለመረዳት አይከብድም። የኤሌክትሪክ ፍጥነት ዛሬ ለብዙዎች የቀረበ ነገር ሆኗል፤ የዘንድሮው ባትሪ ከአምናው ይሻላል፣ የከርሞው ደግሞ ከዘንድሮው። እንደ ስልክ በየዓመቱ የምትሻሻል ዕቃ ለቅርስነት ጊዜ አታገኝም።

ቪ8ና የመጨረሻዎቹ የቤንዚን መኪኖች

በእኛ መንገድ ላይ የጉልበት ምልክት ሆና የቆየችው ቪ8 ናት፤ እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2021 የተሠራችው ላንድክሩዘር 200። የስፖርት መኪና አገራችን ላይ ሥፍራ ያጣችው ሰው ጠልቷት አይደለም። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር ስድስተኛውን ያህል ስለሚሳሳ ተርቦ የሌለው 300 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር እዚህ ሲደርስ 250 ያህሉን ብቻ ይሰጣል። ከመሬት አንድ ስንዝር እንኳ የማትነሣ መኪና ደግሞ በየከተማው መግቢያ ያለውን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ሳትፋቅ አታልፍም። ቪ8 ከፍ ብላ፣ በተርቦ አየሩን ገፍታ፣ በእኛው መንገድ ላይ ፈጥና ታየች፤ ስለዚህ ክብሩን ወሰደች።

ታዲያ ቪ8 ቅርስ ትሆናለች? በፈተናዎቻችን እንያት። ቁጥሯ በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ነው፤ ይህ ይቀንስባታል። ታሪክ አላት፤ የሥልጣንና የባለሀብትነት ዘመንን የሚያሳይ ታሪክ፣ ሰው ሁሉ በፍቅር የሚያስታውሰው ባይሆንም። ጠጋኝም አላት፤ ቶዮታ በብዙ የሚሸጥ መለዋወጫ ያላትና በአገራችን ጋራዦች የምትታወቅ መኪና ናት። ስለዚህ ከሌሎቹ ፈጣን መኪኖች ይልቅ የመኖር ዕድል አላት፤ የምትኖረው ግን እንደ ጌጥ ሳይሆን እንደ ሥራ መኪና ነው።

አንድ ነገር ግን ሒሳቡን ሊለውጥ ይችላል። በ2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለች፤ በዓለም የመጀመሪያዋ መሆኗም ተነገረ። ከዚያ ወዲህ ባሕር ዳርም ላይ እንደ አዲስ አበባ ሁሉ ድምፅ የሌላቸው የቻይና የኤሌክትሪክ መኪኖች እየበዙ ነው። ክልከላው ከጸና ዛሬ በአገራችን ያለው የቤንዚን አውቶሞቢል ቁጥር ከእንግዲህ ከመቀነስ በቀር አይጨምርም። በሌላው ዓለም አምራቾች በማስታወቂያ የሚፈጥሩትን ብርቅነት እኛ ዘንድ መንግሥት በመመሪያ ፈጠረው ማለት ነው። ከ20 እና ከ30 ዓመት በኋላ ካምቢዮ በእጁ ቀይሮ፣ ፍሪሲዮን ረግጦ የሚነዳ ሰው እንደ ሰንጋ ፈረስ ጋላቢ የሚታይበት ጊዜ ይመጣል። ያን ጊዜ ቮልስም፣ ዲኤክስም፣ ላዳም፣ ኤንትሬም እንደ ዕቃ ሳይሆን እንደ ዘመን ምስክር ይታያሉ።

ለማን ነው የምንጠብቃት?

እንግዲህ የዚህ ምዕራፍ ጥያቄ መልስ እነሆ፦ ዛሬ ከሚሠሩት ፈጣን መኪኖች ጥቂቶቹ፣ በእውነት ብርቅ የሆኑትና ፋብሪካቸው ለዘለዓለም ሊጠብቃቸው የወሰነው፣ ቅርስ ይሆናሉ። ብዙዎቹ ግን ቆንጆ አካል ይዘው ኮምፒውተራቸው የሞተ፣ መነሣት የማይችሉ ሆነው ይቀራሉ። በትርፍ ተስፋ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይከስራል። እንደ ኢትዮጵያ ያለ አገር ደግሞ የሌሎችን ፈጣን መኪና ከመመኘት ይልቅ በእጁ ያለውን ቢያይ ይበጀዋል።

በእጃችን ያለው ምንድን ነው? አባትህ ወይም አያትህ ቮልስ፣ ፔጆ፣ ኤንትሬ ወይም ላዳ ትተው ከሆነ የመጀመሪያው ሥራ ሊብሬዋን፣ የድሮ ቦሎዎቿንና የጥገና ደረሰኞቿን በአንድ ፋይል መያዝ ነው፤ ታሪኳ ያለው እዚያ ነው። ከእሷ ጋር የተነሡትን ፎቶ አብረህ አስቀምጥ፤ የት እንደተነሣ፣ ማን እንደነዳት ከኋላው ጻፍ። ሁለተኛ፣ ለማሳመር ስትል አትቸኩል። ሰብሳቢ የሚፈልገው የፋብሪካውን ቀለም፣ የፋብሪካውን ወንበርና የመጀመሪያውን ሞተር ነው። የሚያውቅ ገዢ ኮፈኑን በጣቱ አንኳኩቶ ስቱኮ የተለጠፈበትን ቦታ ይለያል፤ ሞተርና ሻሲ ቁጥሩንም ከሊብሬው ጋር ያመሳክራል። ሞተሯ ተቀይሮ የጃፓን ሞተር የገባላት ቮልስ ትነዳ ይሆናል እንጂ ቅርስነቷ ተጎድቷል። ሦስተኛ፣ አቁመህ አትተዋት። ቆማ የምትውል መኪና ጎማዋ ይሰነጠቃል፣ ቤንዚኗ ይበላሻል፣ የጎማ ማሸጊያዎቿ ይደርቃሉ፤ በወር አንድ ጊዜ እንኳ ብትነዳ ረጅም ዕድሜ ትኖራለች።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን መኪናው ሳይሆን ጠጋኙ ነው። ካርቡራተርን በጆሮው የሚያስተካክል፣ የኤንትሬን ካምቢዮ ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታ መካኒክ በጎንደርም በባሕር ዳርም ዛሬ አለ፤ ነገር ግን አርጅቷል፣ ተማሪ የለውም። ወጣቱ መካኒክ ወደ ኮምፒውተርና ወደ ኤሌክትሪክ እየሄደ ነው፤ ሊነቀፍም አይገባም። በ1950ዎቹ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ፖሊ ቴክኒክ ሆኖ የተመሠረተው የዛሬው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እነዚህን አረጋውያን ባለሙያዎች ጋብዞ፣ እጃቸውን በካሜራ ቀርጾ፣ የልኬት መጽሐፋቸውን ገልብጦ ቢያስቀምጥ ከየትኛውም ጨረታ የሚበልጥ ሀብት ያድናል። አንድ የቮልስ ሞተር ሲወርድና ሲወጣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአማርኛ ተቀርጾ ቢቀመጥ፣ በ2060ዎቹ የሚወለድ ልጅ ማየት ብቻ ሳይሆን ማስነሣትም ይችላል። መኪና ቅርስ የምትሆነው ስትነሣ ነው፤ የምታስነሣት ደግሞ ዛሬ ካልተማረ ነገ የማይገኝ እጅ ናት። ስለዚህ ገንዘብ ያለው ሰው ለፈጣን መኪና ከሚያወጣው ጥቂቱን ለአንድ ሽማግሌ መካኒክና ለአንድ ተማሪው ደመወዝ ቢያደርገው፣ ከሁሉ የላቀውን ስብስብ የጀመረ እሱ ነው።